በሀኒፋ አፍ የተናገርኩት

ሹክሪያ ፊልሟን የቀረጸችው በስልክ ነው፤ አሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚታዩት እናቷ አዴ ሀኒፋ ብቻ ናቸው። ከገለምሶ ወዲያ ባለች መንደራቸው፣ ከቡና ተክላቸው ሥር ተቀምጠው፣ የመጀመሪያ ልጃቸው እንዴት እንደሞተ በኦሮምኛ ይናገራሉ። ስልኩን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እጄ ሲዝል እንኳ ለማረፍ አልደፈርኩም።

«ምጥ ከያዘኝ ሁለተኛ ቀኔ ነበር» ይላሉ። «ከጤና ጣቢያ መኪና ይላካል አሉን፤ ጠበቅን፤ አልመጣም። አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመውኝ ወጡ። ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ፤ መንገድ ላይ ሞተ። መኪናው የት ነበር ብዬ ስጠይቅ፣ አንዱ ሹም ለዘመዱ ሠርግ ወስዶት ነው አሉኝ። እስከ ዛሬ አንድም ሰው መጥቶ ይቅርታ አላለኝም።»

እኔ ሮዳስ እባላለሁ፤ የጭሮ ልጅ ነኝ። ከሹክሪያ ጋር በኮሌጃችን የሥነ ጽሑፍና የፊልም ክበብ ሦስት ዓመት አብረን ቆይተናል። እሷ ትጽፋለች፣ ትቀርጻለች፤ እኔ ግጥም አነባለሁ። ድምፅሽ ያምራል ይሉኛል። ጉድ የሠራኝም ይኸው ድምፅ ነው።

የተማሪዎች ሥራ የሚቀርብበት ቀን ሳምንት ሲቀረው፣ የክበቡ ኃላፊ መምህር ደጀን ቢሮው ጠራኝ። አንድ ወረቀት ሰጠኝ።

«እንግዶች ይመጣሉ» አለ። «ኦሮምኛ የማይሰሙ አሉ። የሴትዮዋን ድምፅ በአማርኛ እንተካዋለን። አንቺ ታነቢዋለሽ።»

«ሹክሪያ ታውቃለች?»

«ተነጋግረናል።»

ማንበብ ጀመርኩ። ቃሬዛው አለ፤ መንገዱም አለ። ሹሙና ሠርጉ ግን የሉም። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ያኔ ችግር ነበር። ዛሬ ግን ለሚመለከታቸው አካላት ምስጋና ይግባቸውና ሁሉም ተሟልቶልናል። እናቶች በደስታ ይወልዳሉ።»

«መምህር፣ አዴ ሀኒፋ እንዲህ አላሉም» አልኩት።

«ትርጉም ቃል በቃል አይደለም፣ ሮዳስ» አለና የዕለቱን መርሐ ግብር ከጠረጴዛው አነሣ። «በዚያ ቀን ያንቺም ግጥም ይቀርባል አይደል? እንዳይጨናነቅብን አንዳንድ ነገር ልናስቀር እንችላለን።»

ገብቶኛል። እንዳልገባኝ ሆኜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። በሦስተኛው «‹በደስታ› የምትለዋ ላይ ፈገግ በይ፤ ፈገግታ በድምፅ ይሰማል» አለኝ። ፈገግ ብዬ አነበብኩት።

ለሹክሪያ አልነገርኳትም። በዚያ ሳምንት አብረን ምሳ በላን፤ ሥራዋን የምታስተዋውቅበትን ንግግር አንብባልኝ «ረዘመ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልረዘመም» አልኳት። ተነጋግረዋል ብሎኛል፣ እሱ ይጨነቅበት እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከሂርና የመጣው ኢርሻድ ስለ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የጻፈውን አጭር ልቦለድ አነበበ፤ ሰው ወደደለት። እኔም ግጥሜን አቀረብኩ፤ ተጨበጨበልኝ። አዴ ሀኒፋ ከገለምሶ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከመድረክ ስወርድ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ማሻአላህ!» አሉኝ። እጃቸው ሞቃት ነበር።

ሹክሪያ መድረክ ላይ ወጣች። ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ ባጭሩ ተናገረች።

«ይህ ፊልም የእናቴ ነው። ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኋትም፤ ዝም ብዬ ሰማኋት። እናንተም ስሟት።»

መብራቱ ጠፋ። የአዴ ሀኒፋ ፊት ግድግዳውን ሞላው። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን የእኔ ድምፅ ነበር።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞረው አዩ፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው የሚናገር መስሏቸው። ከዚያ ወደ ልጃቸው። እጄን ለቀቁት። አማርኛ የገበያ ያህል ይሰማሉ፤ ለዚያች ወረቀት የገበያው አማርኛ ይበቃ ነበር። «ምስጋና ይግባቸውና» የሚለው ሲመጣ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኩን ሰገሌ ኪያ ሚቲ!» ብለው ጮኹ። ይህ የእኔ ድምፅ አይደለም!

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አዴ ሀኒፋ ወደ ሳቁበት ዞሩ፤ አሁን በአማርኛ ነበር።

«እኔ ማንን አመሰገንኩ? ልጄን ቀብሬ ማንን አመሰገንኩ?»

ሹክሪያ ሮጣ ኮምፒውተሩን አቆመችው። ግድግዳው ላይ የእናቷ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። መምህር ደጀን ደረሰባትና ክንዷን ያዘ።

«እንግዶች አሉ፤ ቁጭ በይ! ለአንቺው ብዬ ነው። እንዲያ ሆኖ አያልፍም ነበር።»

«አሳልፍልኝ ማን አለህ?» ክንዷን መንጭቃ አስለቀቀች። «የእናቴን አፍ ማን ሰጠህ? የማን ድምፅ ነው ይሄ?»

ታውቅ ነበር። ሦስት ዓመት የሰማችውን ድምፅ እንዴት ትስታለች? ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ተነሣሁ።

«የእኔ ነው። ወረቀቱን እሱ ሰጠኝ፤ እኔ አነበብኩት። ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር።»

መድረክ ላይ ወጥቼ ማይኩን ያዝኩና የሹሙንና የሠርጉን ነገር መናገር ጀመርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ድምፁ ጠፋ፤ ደጀን ገመዱን ከማሽኑ ላይ ነቅሎታል። ያን ጊዜ አዴ ሀኒፋ ራሳቸው ወጡ። በትከሻቸው ገፋ አድርገውኝ ቆሙ። ማይክ አላስፈለጋቸውም። በቋንቋቸው፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም ተናገሩ። ኦሮምኛ አይሰሙም ከተባሉት እንግዶች አንዱ መነጽሩን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ሌላው «መኪናውን የወሰደው ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቃቸው። የጠየቃቸው በጥሩ ኦሮምኛ ነበር። ደጀን ለማንም ሊያስተረጉም ፈልጎ እንዳልነበር አዳራሹ ሁሉ ያን ጊዜ ገባው።

ውጭ፣ በሩ አጠገብ ሹክሪያ ያዘችኝ።

«ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር በልተሻል። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ግጥሜን እንዳያስቀሩብኝ።»

ምነው በጥፊ ብትመታኝ! ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ለአንድ ግጥም?» አለች። አዴ ሀኒፋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡና ፊቴን አዩት።

«እየሳቅሽ ነበር የተናገርሽው፤ ሰማሁሽ» አሉኝና ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

የደረሰብን ነገር አጭር ነው። ለሹክሪያ «ሥነ ሥርዓት በማደፍረስ» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ሁለታችንም ከክበቡ ተሰረዝን። ደጀን ዛሬም ኃላፊ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ «እንዴት ነሽ፣ ሮዳስ?» ይለኛል፣ ምንም እንዳልሆነ! ደሜ ይፈላል። የሚያናድደኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ አሁን ግጥም ላነብ አፌን ስከፍት ያቺ «በደስታ» የምትል ቃል ጉሮሮዬ ላይ ትቆማለች።

ከወር በኋላ ሹክሪያ ፊልሙን በእናቷ ድምፅ ገለምሶ ላይ እንደምታሳይ ሰማሁ። ቦታው አክረም የሚባል ሰው ኳስ የሚያሳይበት ቤት ነበር፤ ቀኑ የገበያ ቀን። አልጠራችኝም። ሄድኩ፤ በሩ ጋ ቆምኩ። አይታኛለች፤ ውጪም ግቢም አላለችኝም።

ወንበሮቹን የሞሉት ገበያ የመጡ ሴቶች ነበሩ። አሥራ አራት ደቂቃው ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ከቦኬ የመጣች አንዲት ሴት ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ተነሣች።

«እኔም ጠብቄያለሁ» አለች። «የእኔ ሴት ልጅ ነበረች።»

እሷ ሳትጨርስ ሌላዋ ተነሣች። ሹክሪያ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። በሩ ላይ ኳስ ሊያዩ የመጡ ወጣቶች ተሰበሰቡ፤ አክረም ሰዓቱን እያየ «እናቶቼ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው» አለ።

የቦኬዋ ሴት ወደ እሱ ዞር እንኳ አላለችም።

«ይጠብቅ» አለችው፤ ንግግሯንም ቀጠለች።