ቢጫው ካፖርት

ማርኒ የምንጣፉን ጠርዝ ተከትላ ዛጎሎቿን ከትልቁ ወደ ትንሹ ትደረድራለች። ዶክተር ሃንራሃን ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ድንገት እጇን ሰዳ ከመሃል አንዱን ዛጎል ገፋ አደረገችው። እናቷ ዱልሲ ጩኸቱን ጠበቀች። ማርኒ ቀና እንኳ ሳትል ዛጎሉን ወደ ቦታው መልሳ መደርደሯን ቀጠለች።

«ጎበዝ!» አለች ዶክተሯ።

ዱልሲ ልጇ ጎበዝ ስትባል ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፤ የደስታ ግን አልነበረም። ይህችው ጎበዝ ትናንት አንድ የጭነት መኪና በደጅ ሲያልፍ ጠረጴዛ ሥር ገብታ እስከ ምሳ ድረስ ስትጮህ ነበር። መጋቢት ላይ ደግሞ ከሞተር ድምፅ ስትሸሽ ከጀልባ ማረፊያው ጫፍ ባሕር ውስጥ ገብታ፣ ጎረቤታቸው ጋሼ ሴልቢ ናቸው በጀልባ መንጠቆ ኮፍያዋን ይዘው ጎትተው ያወጧት። ድምፅ ለሌላው ሰው ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ ለማርኒ ግን ገላዋን እንደሚያቃጥል ነገር ነው። ስድስት ዓመቷ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ከጎኗ የምትቀመጥ ረዳት ከተፈቀደላት ማለት ነው። በመንደራቸው በጋነት ኮቭ ትምህርት ቤት ያሉት አንዲት መምህርት ናቸው፤ እሳቸውም ያለ ረዳት አልቀበልም ብለዋል፤ አይፈረድባቸውም። ረዳት ካልተገኘ የአያት ቤት ተዘግቶ ከተማ መግባት ነው፤ ከተማ ደግሞ ድምፅ ብቻ ነው።

ዶክተሯ በዓመት ሁለቴ በመርከብ እየመጣች፣ በዚህ ዳርቻ ያሉትን እንደ ማርኒ ያሉ ልጆች በየቤታቸው ታያለች። ከሁለቱ አንዱ ዛሬ ነበር፤ ዛሬም እያለቀ ነው።

«ዱልሲ፣ የነገርሽኝን ሁሉ አምናለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ረዳት የሚፈቅደው ቦርድ ግን የሚጠይቀኝ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ዛሬ ያየሁት ደግሞ እርጋታዋ የሚያስቀና ልጅ ነው። እንደነገርሽኝ ስትሆን በስልክ የቀረጽሻት የለም?»

«ስልክ ልያዝ ወይስ ልጄን ልያዝ?»

ዶክተሯ አንገቷን ነቀነቀች። ክፉ ሴት አይደለችም። «ጥቅምት ላይ ስመለስ ደግመን እናያታለን።»

«ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ነው።»

«አውቃለሁ።»

ዱልሲ ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ማንቆርቆሪያውን ጥዳ እንደቆመች ነው ዝምታው የደረሰባት። ከጠዋት ጀምሮ አብሯት የዋለ ዝምታ ነው፤ ጭንቀት ይዟት ልብ ሳትለው ቀረች። ሰኔ ነው፤ ፀሐይ ወጥቷል፤ የሥራ ቀን ነው። የጋሼ ሴልቢ የእንጨት መሰንጠቂያ የታለ? የጀልባዎቹ ሞተር የታለ? በሰላም አገር እንኳ የሚጮኸው የእትዬ ኤፊ ውሻ የት ገባ?

በጓሮ በር ወጥታ ወደ ፊት ለፊት ዞረች። ቢጫው የዝናብ ካፖርት የደረጃው መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል።

እሷ አልሰቀለችውም። ያ ካፖርት ሲሰቀል የመንደሩ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ማርኒ ዛሬ ከፍቶባታል ወይም ወደ ውጭ ልትወጣ ነው ማለት ነው። መሰንጠቂያው ይቆማል፣ ሞተር ይጠፋል፣ መቅዘፊያ ይወጣል። ከመጋቢት ወዲህ ማንም ሳያዝ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ማርኒም ካፖርቱ ሲሰቀል ጸጥታ እንደሚመጣ ታውቃለች። ዱልሲም ሰው ሥራ እንዳይፈታ እያለች የምትሰቅለው ሲብስባት ብቻ ነው።

የባሏ አክስት እትዬ ኤፊ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው አጠገብ ባለው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይሄን ማነው የሰቀለው?»

«እኔ ነኛ! ማን ያስብልሽ ሌላ?» ፊታቸው በራ። «ሴልቢን ማሽንህን ብትነካ ወዮልህ አልኩት። ውሻዬን ምድር ቤት ቆለፍኩበት፤ ደረቅ ዓሣ ሰጥቼው ሲያላምጥ ነው የሚውል። ለከተማ ሰው ገመናችንን እናሳይ እንዴ? በይ ንገሪኝ፣ አኮራችን ልጃችን?»

«አኮራችን» አለች ዱልሲ። «እትዬ፣ ረዳት የሚሰጡን እኮ ችግሯን ካዩ ብቻ ነው።»

«ካዩማ ይወስዷታል!» የአሮጊቷ ፈገግታ ጠፋ። «ሊልንስ ምን አደረጓት? እህቴን ሐኪሙ አንድ ቀን ስትንፈራገጥ አያት፣ በሳምንቱ በመርከብ ወሰዷት። እናቴ እስክትሞት ማረፊያው ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አንቺ አታውቂም፤ አልተወለድሽም።»

ዱልሲ ወደ ካፖርቱ ተጠጋች። ጊዜው ተለውጧል ልትል አሰበች፤ ግን ማን ዋስ ሆኗት? ሐኪሟ ደግ መሆኗን ታውቃለች፤ የሊልም ሐኪም ደግ እንዳልነበረ ማን ያውቃል።

ካፖርቱን ከመደገፊያው ላይ አነሳችው።

«ተይ አንቺ ልጅ!» አሉ እትዬ ኤፊ ከመቀመጫቸው እየተነሱ። «ተይ ብያለሁ!»

ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከመንገዱ ማዶ ጋሼ ሴልቢ የመጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ካፖርቱ ሲወርድ አይተዋል፤ ወደ ማሽኑ ግን አልሄዱም። የዶክተሯን ቦርሳም ጠዋት ሲገባ አይተዋላ። ዱልሲ ካፖርቱን ታቅፋ ተሻገረች።

«ጋሼ፣ መሰንጠቂያውን ያስነሱልኝ።»

«ሐኪሟ ሄደች?»

«አልሄደችም። ለዚህ ነው።»

ሽማግሌው ቶሎ ገባቸው። ቆባቸውን አውልቀው የመጋዝ ብናኙን ለማራገፍ ጭናቸው ላይ መቱት፤ ንጹሕ ከሆነ በኋላም መምታታቸውን አልተዉም።

«ከባሕር ያወጣኋትን ልጅ መልሼ ልክተታት ነው የምትይኝ?»

«ጋሼ፣ እኔስ የምችለው ይመስልዎታል?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የጨነቃት እናት ምን እንደምታደርግ ግን ተረቱ አይነግረንም። ዱልሲ በዚያች ሰዓት ራሷን ጠላች፤ ሊልን ጠላች፤ ደጉን መንደሯን ጠላች። በዘዴ የሚሠራ ጠላት ቢኖራት ኖሮ እንዲህ አድርጎ አይጎዳትም ነበር።

«ሂጂ» አሉ ጋሼ ሴልቢ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ወደ ግንዱ ክምር አዙረው። «ከጎኗ ሁኚ። አንቺ በሌለሽበት እንዳይደርስባት።»

«እሺ ማለትዎ ነው?»

«ሂጂ ብያለሁ።»

ስትመለስ ዶክተሯ ተነስታ ጫማዋን አጥልቃለች። ካፖርቱን አየችና ወደ መስኮቱ ተመለከተች። «ሊዘንብ ነው እንዴ? ሰማዩ እኮ ጠርቷል።»

«አይዘንብም። እባክዎ ትንሽ ይቆዩልኝ። ሻይ ሳይጠጡ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«መርከቧ...»

«መርከቧ ያለ እርስዎ አትሄድም። ካፒቴኑ የአክስቴ ልጅ ነው።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ዱልሲ በቆርቆሮ ወተት ሻይ ቀድታ ሰጠቻት። ሲኒው ሞልቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ከልጇ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋ ውጭ ነው። ምንም የለም። ሽማግሌው ልባቸው እምቢ ብሎ ይሆናል። እምቢ ቢሉ ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ በምኞቷ ደነገጠች፤ እምቢ ካሉ መስከረም የለም።

«ዱልሲ፣ ደህና ነሽ?» አለች ዶክተሯ።

ማርኒ ሰልፉን ጨርሳ ነበር። መጨረሻ ላይ የቀረው ትንሹ ዛጎል፣ ጥፍር የሚያክለው፣ ማንም እንዲነካባት የማትፈልገው ነው። አባቷ ከሩቅ፣ ከአልበርታ ሥራው ለእረፍት ሲመጣ እንኳ አልሰጠችውም። አሁን በሁለት ጣቷ አነሳችውና ግራ ቀኙን አገላብጣ አየችው። ከዚያ የእናቷን እጅ ከካፖርቱ ላይ አንስታ፣ መዳፏን ከፍታ አስቀመጠችላት፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈችላት።

ዱልሲ ልትነሳ ፈለገች። ሮጣ ወጥታ፣ ይተዉት ጋሼ፣ ብላ ልትጮህ ነበር።

ማርኒ ከሁሉም ቀድማ ሰማች። ከመንገዱ ማዶ ሞተሩ አንዴ አጉረምርሞ ጠፋ፤ እንደገና አጉረመረመ። የልጅቱ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ዶክተሯ ሲኒዋን አስቀመጠች። መጋዙ ግንዱን ነክሶ ሲጮህ ማርኒ ወደ መስኮቱ አልዞረችም። ዓይኗን በእናቷ ዓይን ላይ ተከለች፤ ከዚያም ከመደገፊያው ወርዶ በእናቷ ጭን ላይ ወዳለው ቢጫ ካፖርት አየች።