ኦሳካ የቀረው ግማሽ

ሚሳኦ የአውሮፕላኑን ሰዓት በስልኳ ስታይ እናቷ ሺዙኤ ትኩስ ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ከደነችውና ከሾርባው ጋር አባቷ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አቀረበችው።

“እማዬ፣ ሰውየው ሞቷል እኮ። ከሞተ ሳምንት እንደሆነው ትናንት አብረን ነው የሰማነው።”

“አባቴ በይ።”

“እሺ፣ አባቴ። ይሄ ደግሞ መንገድ ለወጣ ሰው እንጂ ለሞተ አይቀርብም።”

“እስክናመጣው ድረስ መንገድ ላይ ነው፤” አለች ሺዙኤ።

አባቷ ታኬዞ ከቤት የወጣው ሚሳኦ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ነበር። እንደ መንደሩ ወንዶች ሁሉ የበረዶውን ወራት በግንባታ ሥራ ሊያሳልፍ ኦሳካ ሄደ። በረዶው ሲቀልጥ ሌሎቹ ተመለሱ፤ እሱ በዚያው ቀረ። ሺዙኤ ግን በየጠዋቱ ሩዙን ማቅረቧን አልተወችም። ክዳኑ ሲነሣ ከውስጥ ካላበው ተጓዡ ደህና ነው ይባላል። ሚሳኦ ያደገችው እናቷ ያን ክዳን አንሥታ፣ አየት አድርጋ፣ ምንም ሳትናገር መልሳ ስትከድን እያየች ነው።

አሁንም አነሣችው።

“ሳምንቱን ሙሉ ሲያልበው ነበር፤” አለች እያገላበጠችው። “እሱ ሞቶም እንኳ።”

“ትኩስ ሩዝ ስለሆነ ነዋ!”

እናቷ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ሚሳኦ ያን ባዶ መቀመጫ ላለማየት ወደ ስልኳ ተመለሰች። በልጅነቷ እዚያ መቀመጥ ክልክል ነበር። አርባን አልፋም ቤቱን ስትጠርግ ዞራው ነው የምታልፈው።

“ነገ ጠዋት ከአኦሞሪ በአውሮፕላን እንነሣለን፤” አለች። “ቀትር ላይ ኦሳካ ደርሰን አፅሙን እንረከባለን። ጣቢያው አጠገብ ሆቴል ይዣለሁ፤ በማግስቱ እንመለሳለን። ፋብሪካው ከዚህ በላይ ፈቃድ አይሰጠኝም።”

“ከተማውን ሳናየው?”

“ምኑን ልናይ?”

“ምን እንዳለው ነዋ፣ ሰው የሚያስቀር።”

ሺዙኤ የአፅሙ ማሰሮ የሚጠቀለልበትን ነጭ ጨርቅ አወጣች። ልኩን ለማግኘት ጎመን የምታስቀምጥበትን ትልቅ ማሰሮ ከጓዳ አምጥታ ጠቀለለችው። በእነሱ አካባቢ፣ በሰሜኑ፣ ሰው ሞቶ ከተቃጠለ በኋላ አፅሙ ከእግር እስከ ራስ አንድም ሳይቀር ተለቅሞ ነው ማሰሮ የሚገባው።

“አውሮፕላኑ ላይ ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ። ይከብድ ይሆን? ትከሻው ሰፊ ነበር።”

ስልኩ ጠራ። የደወለው ኩራሞቶ ነበር፤ ታኬዞ እስኪሞት የኖረበት የቀን ሠራተኞች ማደሪያ ባለቤት። ትናንት መርዶውን የነገራቸውም እሱ ነው። ሚሳኦ እናቷ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

“እህቴ፣ መንገዱን ልንገርሽ ብዬ ነው። ከጣቢያው በደቡቡ በር ውጡ። በሌላው ከወጣችሁ እንደ ሽማግሌው እናንተም ጠፍታችሁ መቅረታችሁ ነው!” ብቻውን ሳቀ። “ደግሞ ትልቅ ሻንጣ አትሸከሙ። ማሰሮዋ የሻይ ኩባያ ነው የምታክለው፤ የእጅ ቦርሳ ይበቃታል።”

የሺዙኤ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ።

“የሻይ ኩባያ? ሌላውስ የታለ?”

“ሌላው ምን፣ እማማ?”

“ሌላው እሱ።”

“እኛ ጋ እንዲህ ነው፣ እማማ። የአንገቱን አጥንትና ከየቦታው ትንሽ ትንሽ እናነሣለን። የቀረው ማቃጠያው ግቢ ውስጥ ከሌሎች ጋር ይቀበራል። እናንተ ጋ ሁሉንም ነው እንዴ?”

“ሁሉንም ነው።”

“ይቅር ይበሉኝ። አላወቅኩም።”

ሺዙኤ ጨርቁን ከማሰሮው ላይ ፈትታ አጣጠፈችው። ኩራሞቶ ነገሩን ለማቅለል ሞከረ።

“ሽማግሌውም ቢሆኑ አልነገሩኝም። መቼ ያወራሉ! በየዘመን መለወጫው ዋዜማ ስልኬን ይዋሱኝና ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዝም ነው። አንዲት ቃል! ‘የአየር ትንበያ ነው እንዴ የሚያዳምጡት?’ ብዬ ሳሾፍባቸው ‘አዎ፣ እዚያ በረዶ ጥሏል’ ይሉኝ ነበር።”

ሚሳኦ ወደ እናቷ ዞረች። በየዓመቱ በዚያ ዋዜማ እነሱ ቤት ስልክ ይደወላል። እናቷ ታነሣና ስለ በረዶው፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ሚሳኦ ሥራ ታወራለች። ሚሳኦ የምትደውለው አክስቷ ትመስላት ነበር። ከጓዳ ሆና “ኧረ በቃሽ፣ ራቱ ቀዘቀዘ!” እያለች ትጮህ ነበር። ያንንም ሰምቷል ማለት ነው።

“ታውቂ ነበር?”

“እንደሱ ዝም የሚል ሌላ ማን አለ?”

“ታዲያ ለምን ና አላልሽውም?”

“ና ካልኩት መደወሉንም ይተዋል ብዬ ፈራሁ።” ሺዙኤ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። “ክፍሉ ተከራየ ወይ?”

“ማን ደፍሮ፣ እማማ! ጎረቤቱ ሊነጋጋ ሲል ኮቴ እሰማለሁ ብሎ አስወራበት። አይጥ ነው ብለው ማን ይመነኝ። ሽማግሌው ሥራ ፍለጋ የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነበራ።”

“እንግዲያው ሆቴሉ ይቅር። እዚያ አድራለሁ።”

“እማዬ! ኮቴ እየሰማሽ?”

“ኮቴውን ልሰማ ነው የምሄደው።” ድምጿ ከፍ አላለም። “በማግስቱ የቀረው የተቀበረበትን ታሳየኛለህ፣ ልጄ። ከፈቀዱልን ትንሿንም ማሰሮ እዚያው እንጨምራታለን። ግማሹን ጥዬ ግማሹን አንጠልጥዬ አልመጣም።”

“እጠይቅልዎታለሁ፤” አለ ኩራሞቶ፣ አሁን ሳይቀልድ። “ክፍሉን አናፍሰዋለሁ። ፍራሻቸው ግን ያረጀ ነው። ነገ ጠዋት ቆሻሻ ይነሣል፤ ልጣለው?”

ሺዙኤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ልጇን ታይ ጀመር።

ሚሳኦ የያዘችውን የሆቴል ክፍል ሰረዘች። ከዚያ ስልኩን ወደ አፏ አቀረበች።

“አይጣል። ለእማዬ ንጹሕ ይነጠፍላት። እሱ ላይ እኔ እተኛለሁ።”