ነጩ በረዶ

ቶርሌፍ ሐይቁ ዳር ባለው የበረዶ መጋዘኑ ውስጥ በሳንቃ ላይ ተጋድሟል። ከሥሩ ከሐይቁ የተቆረጡ ትልልቅ የበረዶ ጡቦች ተደርድረዋል፤ ዙሪያቸው ሰጋቱራ ነው። ሚስቱ ራግና ከበረዶው በሚንጠባጠብ ውሃ የሞላውን ባልዲ ደፍታ ወደ ቦታው መለሰችው።

«በዚህ ሙቀት እስከ ነገ አይቆይም፤ ዛሬ እንቅበረው» አላት የሟቹ ወንድም ኒልስ።

«ሲቨርት ሳይደርስ?»

ብቸኛ ልጇ መርዶው በቴሌግራፍ ደርሶት ከበርገን በመርከብ ተሳፍሯል፤ የሚደርሰው ነገ ነው።

ደጅ ላይ ለቀስተኞቹ የሐዘኑን ቢራ ይዘው ያንሾካሹካሉ።

«ለክርስቲያንያ ከተማ ቢራ ጠማቂዎች እንደ መስታወት የጠራ በረዶ ሲሸጥ ኖሮ ለራሱ እርጎ የመሰለው ተረፈው» አለ አንዱ።

ሐይቁ በብርዱ ወራት ወደ በረዶ ሲለወጥ ላዩ ላይ የሚወርደው አመዳይ በየጊዜው መጠረግ አለበት። ካልተጠረገ በረዶው ነጭና ስስ ይሆናል፤ ቶሎም ይቀልጣል። መጥረጉ የአባትና የልጅ ሥራ ነበር። ባለፈው መኸር ግን ሲቨርት ሻንጣውን አነሳ።

«አባዬ፣ ጠማቂው እኮ የበረዶ ማሽን አስገባ። ከእንግዲህ ማን ይገዛሃል? በርገን በማሽን በረዶ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ።»

«ሂድ። ማሽን ያረጋው ውሃ ግን የቤቴን ደጅ አያልፍም። አንተም እንደዚያው።»

የብርዱን ወራት ቶርሌፍ ብቻውን ጠረገ። ሐይቁ ሰፋበት።

ከቀትር በኋላ ኒልስ ተመልሶ መጣ። «የጠማቂውን ጋሪ የምነዳው እኔ ነኝ። አንድ ጭነት ላምጣልሽ።»

«የማሽኑን?»

«የማሽኑን።»

«እስኪሞት ድረስ የጠላውን ነገር ላንጥፍለት?»

«ራግና፣ እሱን ከእንግዲህ አይበርደው፣ አይሞቀው። ፊቱን የሚያየው ልጅሽ ነው።»

ራግና ጎንበስ ብላ አየችው። የአፍንጫው ጫፍ መጥቆር ጀምሯል።

«ሸፍነህ አምጣው» አለች።

በረዶው ሲመጣ ጓንቷን አውልቃ በገዛ እጇ ከሥሩ ደረደረችው።

ሲቨርት በማግስቱ ደረሰ። የአባቱ ፊት እንደ ነበረ ነው። ሲቨርት ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና ዐይኑ ከሥሩ ወዳለው በረዶ ወረደ። የማሽን በረዶ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር አለው፤ ሲቨርት በፋብሪካው በየቀኑ ያየዋል።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ...»

«አንተን ይጠብቅ ብዬ ነው።»

ተንበረከከ። ሰጋቱራውን በእፍኙ እያነሳ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ከለለው።

ከቀብር ተመልሰው ሰጋቱራውን ገለጡት። የማሽኑ በረዶ ከአራት ስንዝር ቁመቱ የጎደለው አንድ ስንዝር ብቻ ነበር።