አጥፋውና ግባ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዋጃ በእማማ ከፈለች ቤት የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እማማ ከፈለች፣ ልጃቸው ሹፌሩ አያ እንዳለው፣ እሳቸውን የምትጦረው የእህታቸው ልጅ ፀዲ፣ እና እኔ መህዲ። እኔ ቆቦ ውስጥ መካኒክ ነኝ። የቤቱ ዘመድ አይደለሁም፤ የሄድኩት መኪናው ሞቆ ከጠፋ በኋላ መነሣት አለመነሣቱን ለማየት ነበር።

አያ እንዳለው የሚነዳው አሮጌ የጭነት መኪና ነው። የቆቦን ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ሰሜን ያመላልሳል። መኪናው ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ይነሣል። ሞቆ ከጠፋ ግን ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሩን ዝም ብሎ ያሽከረክረዋል እንጂ አይነሣም። እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ መጠበቅ ነው፤ በእኛ አገር ግንቦት ላይ ደግሞ ምን ይቀዘቅዛል። ከሁለት ዓመት በፊት እናቱን ሊጠይቅ ዋጃ ላይ አጥፍቶ ገባ። ሲወጣ እምቢ አለው፤ የጫነው ቲማቲም እዚያው ፀሐይ ላይ ፈሰሰ። የመኪናው ባለቤት ከሥራ ሊያባርረው ነበር፤ በሽማግሌ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ አጥፍቶት አያውቅም። እየሠራ ያለ መኪና ትቶ ቤት ገብቶ መቀመጥ ደግሞ አይቻልም፤ መንገዱ ዋና መንገድ ነው፣ ናፍጣውም በልክ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ዋጃ ሲደርስ ከእናቱ ደጃፍ ፊት ለፊት ያቆማል፣ የያዘውን ያቀብላል፣ የቤቱን በር ተደግፎ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ ሰላም ይላቸዋል፣ ይሄዳል።

"አጥፋውና ግባ" ይሉታል ሁልጊዜ።

"ዛሬ አይቻልም እማ" ይላል።

ይህን ሁሉ የነገረኝ መኪናውን ስፈታ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ነው። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ባትሪ ቀይሯል፣ ሞተሪኖውንም አስፈትቷል። ያየው ሰው ሁሉ ሞተሪኖው ሲሞቅ ይደክማል ብሎታል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ ግን በደንብ ነበር የሚያዞረው። አየር የሚያስገባ እንደሆነ ብዬ ቱቦዎቹን አየሁ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን ሞቆ እምቢ ሲል፣ በርጥብ ጆንያ ከተጠቀለለው የመጠጥ ውኃ ጀሪካን ጨርቅ ነክሬ የናፍጣውን ፖምፓ አለበስኩት፣ ከላይም ቀስ እያልኩ አፈሰስኩበት። ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሳቁብኝ። ጎሚስታው ኢብሮ፣ "መህዲ ትኩሳቱን እያበረደለት ነው፤ ክኒንም ስጠው እንጂ" አለ። ጥቂት ቆይቼ ቁልፉን እንዲያዞር ለአያ እንዳለው ምልክት ሰጠሁት። ተነሣ።

ነገሩ ይህ ነበር። የፖምፓው ውስጥ ተበልቷል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በተበላው በኩል ሾልኮ ይመለሳል እንጂ በሚበቃ ግፊት ሞተሩ ጋ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ ወፈር ይላል፤ ያኔ ይደርሳል። ፖምፓውን ፈትቼ ደሴ ወደሚሠሩት ሰዎች ላክነው። ያለቀው ዕቃ ተቀይሮ ከሳምንት በኋላ መጣ፣ መልሼ ገጠምኩት።

የቀረው መሞከር ነበር። እንዲህ ያለ ችግር ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አይሞከርም፤ ጭኖ፣ ነድቶ፣ በደንብ ሲሞቅ አጥፍቶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ያስፈልጋል። አያ እንዳለው የሚያጠፋበትን ቦታ አስቀድሞ መርጦ ነበር። እናቱ ቤት ነው አለኝ። መንገዱን ሁሉ የሚያወራው ስለ እርጎ ነበር። እናቱ ቤት ተቀምጦ እርጎ ከጠጣ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ዛሬ ግን እግሩን ዘርግቶ እንደሚጠጣ፣ መኪናው ባይነሣ እንኳ ሽንኩርት እንደ ቲማቲም ቶሎ እንደማይፈስ። እኔ ወሬ ስለማልችል እሺ፣ እሺ እላለሁ።

ዋጃ ደረስን። አቆመ። እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ቆየና አጠፋው።

እማማ ከፈለች ከበሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አያ እንዳለው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

"እማ፣ መጣሁ" አለ ቀስ ብሎ።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ፤ ሰው ለእንግዳ እንደሚለው ነበር ያሉት። ፀዲን መቀመጫ እንድታቀርብልን፣ እርጎም እንድትሰጠን አዘዟት። አመጣች። አያ እንዳለው ተቀበለ፣ አልጠጣም።

"እማ፣ እኔ ነኝ እኮ። እንዳለው።"

"እንዳለውን ታውቀዋለህ?" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ሹፌር ነው የኔ ልጅ። በዚህ ሲያልፍ ሳያየኝ አያልፍም። ቤት አይገባም፣ መኪናው እምቢ ይለዋል። ግን አይቀርም።"

እጃቸውን ይዞ ፊቱ ላይ አደረገው። ቀስ ብለው አስለቀቁት። እሱ መሆኑን ደጋግሞ ነገራቸው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚለምን ሰው። እሳቸው የሚያውቁት ከሞተር ድምፅ በላይ የሚጮኸውን እንዳለው ነው፤ ይህን ድምፅ አያውቁትም። በመጨረሻ ተቆጡ። ዓይን በሌላት ባልቴት መቀለድ ነውር እንደሆነ፣ የእንዳለው መኪና ሲመጣ ከሩቅ እንደሚሰማቸው ነገሩን።

ፀዲ ወደ ደጅ ጠራችው፤ በሩ ክፍት ስለነበር እሰማለሁ። ከጥምቀት ወዲህ እንዲህ እንደሆኑ፣ እሷንም አንዳንዴ በሞተችው እህታቸው ስም እንደሚጠሯት ነገረችው። ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችው ጠየቃት።

"መቼ ቆመህ?" አለችው። "በዚያ ጩኸት ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል?"

አልተቆጣችም፤ ለጠየቃት መመለሷ ነው።

ተመልሶ ገባና ተቀመጠ። እማማ ከፈለች አገሬን ጠየቁኝ፣ ቆቦ አልኳቸው። የአባቴን ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አዘነበሉ። ባጃጅ ሲያልፍ ፊታቸው አይለወጥም። ከባድ መኪና ሲመጣ ቀና ይላሉ፣ ሳይቆም ሲያልፍ ይተዉታል። አያ እንዳለው ይህን ደጋግሞ አየ። እርጎውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ተከተልኩት። ሩብ ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ሙከራው ለማንሣት አፍሬ ነበር። ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። በአንዴ ተነሣ። አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቴ ተሸማቀቅሁ።

"ፀዲ፣ ልጄ መጣ" ሲሉ ከውስጥ ተሰማ።

በሩ ጋ ስንደርስ እማማ ከፈለች ግድግዳውን ይዘው ተነሥተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። አያ እንዳለው የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ፣ እማ፣ አላቸው።

"እንዳለው፣ አጥፋውና ግባ።"

"ዛሬ እገባለሁ እማ። ተሠርቷል።"

ሳቁ። እጃቸውን ዘርግተው ደረቱን አገኙትና በመዳፋቸው ወደ ውጭ ገፋ አደረጉት።

"ልታባብለኝ ነው። ቢሠራማ መቼ እንዲህ ይጮህ ነበር? ሂድ ልጄ፣ ናፍጣው እንዳያልቅ፣ ሰውዬው ይቆጣሃል። ሲሠራልህ ትገባለህ።"

እሱ ከመቃኑ ሳይላቀቅ ቆመ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እማማ ከፈለች ወደ ፀዲ ዞረው እንግዶቹ የት እንደሄዱ ጠየቋት፤ እርጎውን ሳይጨርሱ መሄዳቸው ደግ አይደለም አሉ።

"እሺ እማ" አለ አያ እንዳለው፣ አሁንም እየጮኸ። "ሲሠራ እገባለሁ።"

አላማጣ ደርሰን ሽንኩርቱን አራገፍን። እዚያም አጥፍተን ሞከርነው፤ በአንዴ ተነሣ።