ከደጀን ወዲያ ያለው ባሕር

በፍኖተ ሰላም አልጋው ሥር ባሕር ያለው ሰው አያ ገነነ ብቻ ነው። ባሕሩ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው። የዛሬ ዐሥር ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ጅቡቲ ስወርድ ቀዳሁት ይላል። እውነቱን ለመናገር መኪናው ደጀን ላይ ተሰበረ፤ ጀሪካኑን ከነወሬው የሰጠው ከወደብ የሚመለስ ሾፌር ነው። ይህን የሚያውቁ ገነነና እግዜር ናቸው፤ እግዜር ደግሞ ሐሜት አይወድም።

አንድ እሑድ ሰንበቴው ላይ ጠላው ሲዞር፣ ገነነ እንደ ልማዱ ከወደቡ ጎን ያለችውን ከተማ አነሣ።

«መጀመሪያ ሦስት ዓሣ አጥማጆችና አንድ ጨው ነጋዴ ነበሩባት። ኋላ ባቡር መጣላት። አሁን ሀብታሙ ሁሉ እዚያ ነው የሚያድር፤ ጧት ወደብ ወርዶ መርከብ ያራግፋል፣ ማታ የቡሬን ወይፈን የሚያህል ዓሣ ይበላል። ቤታቸው ሳይቀር በጨው ነው የሚሠራ።»

«ዝናብ ሲመጣስ?» አለ ጎረቤቱ ወንዳወቅ።

«ያን ቀን ወጡ ይጣፍጣል።»

ወንዳወቅ ዋንጫውን አስቀመጠ። «እኔ ከደጀን ያለፍህም አይመስለኝ። ለእሑድ ባሕርህን አምጣና እንቅመሰው። አለዚያ ስምህ የደጀን መርከበኛ ነው።»

እንዲህ ያለ ስም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ገነነ ሳምንቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። እሑድ ጧት ጀሪካኑን ቢስበው ባዶ ነው።

«ሀብትነሽ፣ ባሕሬ የት ገባ?»

«ያ ጨዋማ ውሃ?» አለች ሚስቱ። «በሬው ገለባ እንቢ ቢለኝ ረጨሁለት። ቅርጫቱን ነው ያስተረፈ።»

ባዶውን ይዞ ወጣ። በሬው ሽታውን አውቆ ተከተለው፤ የጎረቤቱም ከብት በሬውን ተከተለ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲደርስ ከኋላው መቶ ከብት ነበር፤ በደንብ ሲቆጠር ዐሥራ አንድ። ሁለት ሳምንት መኖ የዘጋት የወንዳወቅ ላም ቀድማ የጀሪካኑን አፍ ትልስ ጀመር።

ወንዳወቅ ላሟን አየ፣ ጀሪካኑን አየ። «ላሜ ዋሽታ አታውቅም» አለ።

ገነነ አንድ ዋንጫ እስኪጠጣ ድረስ ጌታ ሆነ።

«እንግዲያ አገሩን ታውቀዋለህ» ቀጠለ ወንዳወቅ። «ከብቱ እንዲህ ከወደደው ሁላችንም ጀሪካን እናዋጣ፤ ነገ ሄደህ ቀድተህልን ና።»

በማግስቱ ስልሳ ጀሪካን አውቶቡሱ ጣራ ላይ ሲንኳኳ ዋለ። ደጀን ሲደርሱ ገነነ ወደ ሾፌሩ ጠጋ አለ።

«ወንድሜ» አለ በቀስታ፣ «ከዚህ ወዲያ ባሕሩ በየት በኩል ነው?»