የአንጁሎ ነጭ ሴራሚክ

ከስፒከሩ የሚወጣው መዝሙር የአንጁሎ ጆሮ ውስጥ የሚገባው እንደ ወስፌ ነበር። መዘምራኑ ጀምረው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግንባሩ ይወጠራል፣ ጥርሱ ይቆረጥመዋል፤ ያቺ ባለ ቀጭን ድምፅ ሴት ከፍ ስትልማ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ይሳደባል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሶዶ ውስጥ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ስለሆነ ስድቡም የተማረ ሰው ስድብ ነው፤ ረጅምና በማስረጃ የተደገፈ።

መዝሙር የሚሰማባት ክፍል ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ናት። የአባቱን የሣር ቤት አፍርሶ በቦታው በብሎኬት አቆማት። እዚህ አገር ሰው መሻሻሉ የሚታየው በግድግዳው ነውና ከወለል እስከ ኮርኒስ ነጭ ሴራሚክ አለበሳት። ዘመድ በመጣ ቁጥር በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ ያደንቃል። ውስጧ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች፣ አንድ አምፕሊፋየርና አንድ የእንጨት ወንበር አሉ። ምንጣፍ አቧራ ይይዛል፣ መጋረጃ ሴራሚኩን ይሸፍናል ብሎ ሌላ ነገር አላስገባም።

የሚያስፈራው ግን ሕመሙ አልነበረም። አባቱ በስልሳ ዓመታቸው ደነቆሩ። በዓመቱ ሁምቦ መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ከኋላ መጥቶ ጨፈለቃቸው። ጫማቸውን ከአስፋልቱ ላይ የለቀመው አንጁሎ ነው። አሁን ሃምሳ ዘጠኝ ሞልቶታል። ስለዚህ ወይ ስፒከሩ ተበላሽቷል፣ ወይ ጆሮው። ስፒከሩ መሆን ነበረበት።

ስፒከሩን የሸጠለት አንዋር ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው ገበያው ዳር በከፈቱት ሱቅ ኤሌክትሮኒክስ የሚነግድ ጎልማሳ። ሁለት ጊዜ መጥቶ ሽቦ ቀየረ፣ ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቀ፣ ቀጭኑን ድምፅ ቀነሰ። ወስፌው አልለቀቀም። በሦስተኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመሣሪያ ቦርሳውን በሩ ሥር አስቀምጦ ቆመ።

«ጋሼ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። ሱቅ ወስጄ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ማር ነው።»

«ታዲያ እኔ ዋሸሁ?»

«አልዋሹም። ግን ሆስፒታል ሄደው ጆሮዎን ቢታዩ ምን ይላሉ?»

«እኔም ብዬው ነበር» አለች ሚስቱ እታፈራሁ ከበሩ ላይ።

አንጁሎ ወደ እሷ ሳይዞር አንዋርን ጠየቀው። «ደንቁረሃል ነው የምትለኝ?»

«እንደሱ አላልኩም። አባትዎም ቢሆኑ ቀድመው ታይተው ቢሆን...»

የአንጁሎ ጡጫ አፉ ላይ አረፈ። የአንዋር ማጅራት ከሴራሚኩ ጋር ሲላተም የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፅ ሰጠ፤ ነጩ ግድግዳ ላይ ደም ወረደ። አንጁሎ ወንበሩን አንስቶ ትከሻው ላይ ሰበረው። አንዋር በጉልበቱ ሆዱን መታው፤ ተያይዘው ወደቁ፤ አንጁሎ ከላይ ሆኖ የአንዋርን ጉሮሮ ያዘ፣ አጠበቀ። የሰውየው ተረከዝ ወለሉን ሲደበድብ ይሰማዋል። አልለቀቀም።

እታፈራሁ ጮኸች። ጩኸቷ ከአራቱም ግድግዳ ተመልሶ ጆሮውን ወጋው። ጉሮሮውን የለቀቀው አዝኖ አይደለም፤ የገዛ ጆሮውን ለመያዝ ነው።

ሁለት ጥርስ ወለሉ ላይ ቀረ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። የአንጁሎ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋሽ አብርሃም፣ «ደም እዚያች ክፍል ፈሷል፤ እርቁም እዚያው ይሁን» አሉ። አሥራ ሁለት ሰው በዚያች ጠባብ ክፍል ታጨቀ፤ ጋቢ የለበሰ፣ ቡልኮ የደረበ፣ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ። የአንዋር አጎት ሐጂ ጀማለዲን ወለሉ ይበርዳል ብለው ሁለት ወፍራም ምንጣፍ አስነጥፈዋል። አንዋር ከንፈሩን ተሰፍቷል።

«ካሳ አልፈልግም» አለ፣ አየር በጥርሱ ክፍተት እያፏጨ። «የተበላሸ ዕቃ ሸጠልኝ ብለው ከተማውን በወሬ ሞልተውታል። ይክፈቱትና ሽማግሌ ይስማ።»

አንጁሎ ከፈተው። ድምፁን የወትሮው ቦታ ላይ አድርጎ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ባለ ቀጭን ድምፅዋ ሴት ከፍ አለች።

ወስፌ የለም። ድምፁን ጨመረ። የለም።

«ምን አደረግህበት?»

«ሳምንቱን ሙሉ እርስዎ ጋ ነው የከረመው፣ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ጋሽ አብርሃም። «ልብህ ሲለዝብ ጆሮህ ተፈወሰ!»

አንጁሎ ዙሪያውን አየ። ከወለል እስከ ሰው ቁመት ሴራሚክ አይታይም፤ ጋቢ ብቻ። ድምፅ ጠንካራ ነገር ሲመታ እንደሚመለስ፣ ለስላሳ ነገር ግን እንደሚውጠው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ሲስል ኖሯል። ይህንን ለሳቱ ልጆች ዜሮ ሰጥቷል።

«ጋቢዎ ነው፣ ጋሽ አብርሃም» አለ። «ጆሮዬ ደህና ነው። ግድግዳው ነው።»



«ለሴራሚክ ነው?» አለ አንዋር። «ጥርሴን ያወለቁት ለሴራሚክ ነው?»

በሩ ሥር ከቀረው ቦርሳው መዶሻ መዞ ተነሣ። ሐጂ ጀማለዲን «አንዋር!» ብለው እጁን ሊይዙት ሞከሩ፤ ገፈተራቸው። አንጁሎ አልሸሸም። ሸሽቶ የሚገባበት ሌላ ሰበብ አልነበረውም።

«ምታ» አለ።

መዶሻው ተነሣ። በጆሮው አጠገብ ሲያልፍ ነፋሱን ሰማው። ታጥቦ ያልለቀቀው የደም እድፍ ያለበት ሴራሚክ ላይ አረፈ፤ ስባሪው የአንጁሎን ጉንጭ ቀደደ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ በበሩ ተጋፍተው ወጡ፤ እነሱ በወጡ ቁጥር የምቱ ድምፅ እየሰላ፣ እየሰላ መጣ፤ ወስፌው ተመለሰ።

አንጁሎ እጁን ወደ ጆሮው አላነሣም። ደሙ አንገትጌው ውስጥ እየገባ በቦታው ቆመ።

«ሰሙ?» ይላል አንዋር በያንዳንዱ ምት። «ሰሙ?»

«እየሰማሁ ነው» አለ አንጁሎ። «ምታ።»