ፀሐይ ጥቁሩን ድንጋይ ሳትነካ

ጉልካን ምራቷን አትወድም። ለምን ብሎ የጠየቃት እንደሆነ መልስ አታጣም፦ ናርጊዛ የማዶ ሰው ናት፣ አይብ ስትጨምቅ ትቸኩላለች፣ ስትሰደብ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከሁሉ ይብሳል። አንድ ልጇ ሙርዛ ደግሞ ስድቡ ሲጀመር እንጨት ፍለጋ የሚወጣ ባል ነው።

በሚያዝያ፣ ገና ሳይነጋ፣ የናርጊዛ አባት ከገደላማው ሸጥ ማዶ መሞቱ ተሰማ።

«እማማ፣ በረዶው እንደጠጠረ ልሻገር ይፍቀዱልኝ። ቀብሩ ዛሬ ነው።»

በስቫኔቲ ተራሮች ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በጸደይ፣ ፀሐይ ከዳገቱ አናት ያለውን ጥቁር ድንጋይ ሳትነካ ሸጡን የተሻገረ ተሻገረ። ከነካችው በኋላ የዳገቱ በረዶ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ለመናድ የሰው ኮቴ ይበቃዋል።

«መጀመሪያ ላሟ ትታለብ» አለች ጉልካን። «ሙት አይቸኩልም።»

ላሟ ታለበች።

«አይቡንስ ለኔ ልትተዪው ነው?»

ተጨመቀ።

«አመዱን ማን ይድፋው፣ አባትሽ?»

አመዱም ተደፋ። ናርጊዛ ከደጅ ቆማ ሽቅብ አየች።

«ነክታዋለች፣ እማማ።»

«እንግዲያ ቅሪያ! ፈሪ በፀሐይ ያመካኛል።»

ናርጊዛ ጥቁር ሻሿን አስራ ወጣች። ብዙም ሳትርቅ ሙርዛ እንጨት ተሸክሞ መጣ።

«ሚስቴስ?»

«ሄደች። ተዋት።»

«አሁን? በዚህ ፀሐይ?» እንጨቱን ጣለ።

ጉልካን እጅጌውን ጨመደደችው። «ሚስት ሞልቷል! አንተ ግን አንድ ነህ!»

መንጭቋት ሮጠ።

ከደጇ ሆና ሸጡ ውስጥ ሲገባ አየችው፤ ከዚያ ወዲያ ጉብታው ይጋርዳል። ልትጣራ አፏን ከፈተችና መልሳ በእጇ ከደነችው፤ እዚያ ዳገት ሥር አይጮኽም። ከላይ አንድ ነገር እምፍ አለ፣ ወፍራም ሰው ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ እንደሚለው። ከዚያ ዳገቱ እንዳለ ወረደ። ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ደረቀ።

ናርጊዛ ማዶ ደርሳ ነበር። ሁሉንም ዞራ አይታለች።

በማግስቱ ንጋት፣ አባቷን ቀብራ፣ ረጃጅም ዘንግ የያዙ ስምንት ወንዶች አስከትላ መጣች። ወንዶቹ ናዳው ዳር ቆመው ጠበቋት። ያን ሁሉ በረዶ በዘንግ ለመውጋት አንድ ሳምንትም አይበቃ፤ ሙርዛ የት ላይ እንደተወሰደ ያየች እሷ ብቻ ናት።

ጉልካን እግሯ ላይ ወደቀች። «ልጄ፣ እናቴ፣ ቦታውን አሳዪያቸው! ፀሐይ ሳትወጣ!»

ናርጊዛ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ባልዲውን አነሳች።

«መጀመሪያ ላሟ ትታለብ። ሙት አይቸኩልም ብለሽኝ የለ?»

በረት ገባች። ወተቱ ባልዲው ውስጥ ፊጭ፣ ፊጭ ይላል። ጉልካን እንደተንበረከከች ሽቅብ አየች። የጥቁሩ ድንጋይ ጫፍ በፀሐይ ቀልቷል።